“ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል”፦ የአሮጌ መኪና የሞተር ኮምፒውተር ከመቀየሩ በፊት ምን ሊጣራ ይገባል?

አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ያገለገለች መኪና አንድ ቀን ጠዋት አልነሳም ትላለች። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ባትሪው ደኅና ነው፣ ነዳጅም አለ፤ ሞተሩ ግን አይቀጣጠልም። ተጎትታ ጋራዥ ከገባች በኋላ ከሚሰጡት ፍርዶች ሁሉ ባለቤቱን ይበልጥ የሚያስደነግጠው “ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል” የሚለው ነው። ቀጥሎ ስልክ ይደወላል፦ ሻርጃ ላለ ወንድም፣ ዋሽንግተን ላለች እህት፣ ፍራንክፈርት ላለ የአጎት ልጅ። የሣጥኑ ፎቶግራፍ ይላካል፤ ተመሳሳዩ ተፈልጎ፣ ተገዝቶ፣ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

ዕቃው ደርሶ ሲገጠም መኪናዋ አሁንም የማትነሳበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም። ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ከመነሻው አልተበላሸም ነበር፤ ወይ የመጣው ከመኪናዋ ጋር አይናበብም፤ ወይም ደግሞ የፊተኛውን ያቃጠለው ብልሽት ሳይጠገን ቀርቶ ሁለተኛውንም አቃጥሎታል። ሦስቱንም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ማወቅ ይቻላል።

ጉዳዩ በተለይ ለኢትዮጵያውያን ባለመኪናዎች የቀለለ አይደለም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የግል ተሽከርካሪዎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅም ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር። በመንገድ ላይ ያለችውን አሮጌ ቪትዝ ወይም ኮሮላ በሌላ መተካት እየከበደ በሄደ ቁጥር፣ ያለችውን አቆይቶ መንዳት ለብዙ ቤተሰብ የገቢ ጥያቄ ሆኗል።

ሣጥኑ ምን ይሠራል?

በኢትዮጵያ “ዲኤክስ” በሚል ስም የሚታወቁት የቆዩ ቶዮታ ኮሮላዎች ይህ ሣጥን የላቸውም። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅልላቸው ካርቡራተር ነው፤ ማስተካከያውም ካቻቢቴና የመካኒኩ ጆሮ ነው። ነገሩ የተለወጠው በዋነኛነት በአየር ብክለት ሕጎች ምክንያት ነበር። አሜሪካ እአአ በ1970 ያወጣችው ሕግ አምራቾች የጭስ ብክለትን በእጅጉ እንዲቀንሱ አስገደደ። ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ደግሞ በሚገባ የሚሠራው የአየርና የቤንዚን ድርሻ በክብደት 14.7 ለ1 አካባቢ ሲጠበቅ ብቻ ነው። ይህን ልክ በየቅጽበቱ ለመጠበቅ የካቻቢቴ ማስተካከያ አይበቃም፤ ኤሌክትሮኒክስ አስፈለገ።

የሞተር ኮምፒውተር የመካከለኛ መጽሐፍ ያህል መጠን ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአልሙኒየም የተሸፈነ ሣጥን ነው። እንደ መኪናው ዓይነት ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ጀርባ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ወይም ከሞተሩ አጠገብ ይገኛል። ወደ ሞተሩ የሚገባውን የአየር መጠን፣ የማቀዝቀዣውን ውኃ ሙቀት፣ የነዳጅ ፔዳሉ የተረገጠበትን ልክ፣ የሞተሩን ዙርና በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ከየሴንሰሩ ያነባል። ከዚያም ኢንጀክተሮቹ ለስንት ሚሊሰከንድ ነዳጅ እንደሚረጩ፣ ካንዴላውም መቼ ብልጭታ እንደሚሰጥ ይወስናል። በደቂቃ 3 ሺህ ጊዜ የሚዞር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በሰከንድ 100 ብልጭታ ያስፈልገዋል፤ ኮምፒውተሩም ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ይሰጣል።

ከፍታ ለሚበዛበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ባለ ካርቡራተር መኪና ለአዲስ አበባ ከተስተካከለ ወደ አዋሽ ሲወርድ ልኩን ይስታል። ባለ ኮምፒውተሩ ግን ልዩነቱን ራሱ አስልቶ የነዳጁን መጠን ይቀይራል። የድሮው ካርቡራተር ይሻል ነበር የሚለው የጋራዥ ቁጭት ይህን የሚረሳ ይመስላል።

በሐሰት የሚከሰስ ዕቃ

ኮምፒውተሩ ከሌሎቹ የሞተር ኤሌክትሪክ ክፍሎች ጋር ሲነጻጸር በቀላሉ የሚበላሽ አይደለም። ቢሆንም ውስጡ ስለማይታይና ውድ ስለሆነ፣ ምክንያቱ ላልተገኘ ብልሽት ሁሉ ተጠያቂ ይደረጋል። በጥንቃቄ የሚሠራ ባለሙያ ኮምፒውተሩን የሚጠረጥረው ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ካለቀ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ፍተሻ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ቁልፉ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ቦታ ላይ ሲቆም፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት ያለው ቢጫ መብራት መብራት አለበት። ከበራና የመመርመሪያ መሣሪያው ከኮምፒውተሩ ጋር ከተገናኘ፣ ሣጥኑ ቢያንስ በሕይወት አለ ማለት ነው። ካልበራ ደግሞ አስቀድሞ የሚጠየቀው ሣጥኑ ሳይሆን የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ነው። የተቃጠለ ፊውዝ፣ የደከመ ሪሌይ ወይም ዝገት የበላው የግራውንድ ሽቦ ደኅናውን ኮምፒውተር የሞተ ያስመስለዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው ግራውንዱ ነው። ሽቦው ሲታይ ደኅና ይመስላል፤ መለኪያውም ሞተሩ ባልተነሳበት ጊዜ መስመሩ አልተቋረጠም ይላል። ሞተሪኖው ሲዞር ግን ያ የዛገ መጋጠሚያ የሚፈለገውን ያህል ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ያቅተዋል። ስለዚህ ልኬቱ መወሰድ ያለበት ሞተሪኖው እየዞረ፣ በኮምፒውተሩ የግራውንድ ሽቦና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ቮልት አንድ አሥረኛ ብዙም መብለጥ የለበትም። የባትሪው ቮልትም በዚያው ቅጽበት ይታያል። ቆሞ ሳለ 12.6 ቮልት የሚያሳይ ያረጀ ባትሪ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9 በታች ከወረደ፣ ኮምፒውተሩ ሥራውን ሊያቋርጥ ይችላል።

ሁለተኛው አሳሳች ነገር የ5 ቮልት መስመር ነው። ኮምፒውተሩ ከባትሪው የሚያገኘውን ቀንሶ ለብዙዎቹ ሴንሰሮች የሚያከፋፍለው 5 ቮልት ነው። ከሴንሰሮቹ አንዱ በውስጡ ከተገናኘ ወይም ሽቦው ተልጦ ብረት ከነካ፣ መስመሩ በሙሉ ይወድቃል። ያን ጊዜ በአንድ ላይ የአራትና የአምስት ሴንሰር ስህተት ይመዘገባል፤ በአንዳንድ መኪኖችም ኮምፒውተሩ ከመመርመሪያው ጋር መገናኘት ያቆማል። ሁሉም ነገር በአንዴ ተበላሸ ሲባል “ኮምፒውተሩ ነው” ማለት ይቀላል። መፍትሔው ግን ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ 5 ቮልቱ የሚመለሰው የትኛው ሲነቀል እንደሆነ ማየት ነው። ሥራው ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። የጥፋተኛው ሴንሰር ዋጋ ግን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሦስተኛው የክራንክ ዘንጉን ዙር የሚያነበው ሴንሰር ነው። ሲያረጅ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይሠራል፤ ሲሞቅ ያጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንደገና ያስነሳል። በኮምፒውተር ውስጥ የተሰነጠቀ የብየዳ ነጥብም ልክ ይህንኑ ጠባይ ያሳያል። ሁለቱን በምልክት ብቻ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ርካሹና የተለመደው ሴንሰር መጀመሪያ ይፈተሻል።

በኋላ የተገጠመ የሌባ አላርምም መዘንጋት የለበትም። ሲገጠም የሞተሩ ሽቦዎች ተቆርጠው በእጅ ተቀጥለዋል፤ ከዓመታት በኋላ የሚላቀቀውም ያ ቅጥያ ነው። አይጥ የቆረጠው ሽቦም እንዲሁ።

በሙከራ ከሌላ መኪና የተነቀለ ደኅና ኮምፒውተር ገጥሞ ማየት በጋራዦች የተለመደ ነው፤ ግን አደገኛ ነው። የመጀመሪያውን ያቃጠለው ኮይል ወይም ኢንጀክተር አሁንም እዚያው ካለ፣ የጎረቤቱም ሣጥን አብሮ ይነዳል። ሙከራው ምንም ላያሳይም ይችላል። ከዚህ በታች እንደሚታየው ብዙ ኮምፒውተሮች የማያውቁትን ቁልፍ አይቀበሉም።

በእውነት ሲበላሽ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ደኅና ሆኖ ከተገኘ፣ ኤሌክትሪኩ በትክክል ገብቶ ትእዛዙ ካልወጣ፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ የሣጥኑ ነው። መመርመሪያው ላይ የሚወጡት ፒ0601 እና ፒ0606 የተሰኙ ኮዶችም የኮምፒውተሩን የራሱን ማህደርና ፕሮሰሰር የሚመለከቱ ናቸው። ያም ሆኖ ኮዱ ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ የኤሌክትሪክ መዋዠቅም ሊያስመዘግበው ይችላል።

እአአ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የተሠሩ በርካታ የጃፓን መኪኖች የታወቀ ችግር አለባቸው። በኮምፒውተራቸው ውስጥ ያሉት በፈሳሽ የተሞሉ ትናንሽ ካፓሲተሮች ሲያረጁ ያፈሳሉ። የሚፈሰው ፈሳሽ የቦርዱን የመዳብ መስመሮች ይበላል፤ ሣጥኑ ሲከፈትም የዓሣ ዓይነት ሽታ ሊኖረው ይችላል። የእነዚህ ካፓሲተሮች ዕድሜ በሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜያቸው በግምት እጥፍ ይሆናል። ቶሎ ከተደረሰበት አዲስ ካፓሲተር በይዶ መተካት ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ የሰዓታት ሥራ ነው።

የብየዳ ስንጥቅም በአሮጌ መኪና ብቻ የሚታይ አይደለም። ቶዮታ እአአ በነሐሴ 2010 በአሜሪካ ብቻ 1.13 ሚሊዮን ገደማ የ2005 እስከ 2008 ምርት የሆኑ ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን ለጥገና የጠራው በዚሁ ሰበብ ነበር። በሞተር ኮምፒውተራቸው ቦርድ ላይ በብየዳ ነጥቦች ወይም ኤሌክትሪክን በሚጠብቅ አነስተኛ ክፍል ላይ ስንጥቅ ሊፈጠር ይችላል ተብሎ ነው። ውጤቱም ሞተሩ አለመነሳት፣ ማርሽ ሲቀየር መንገጫገጭ፣ ባስ ሲልም እየተነዳ መጥፋት ነበር።

የቀሩት መንስኤዎች ከሰው እጅ የሚመጡ ናቸው። ባትሪ በተቃራኒ መግጠም ወይም ከሌላ መኪና ኤሌክትሪክ ሲወሰድ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ማቀያየር አንዱ ነው። ባትሪው ሳይነቀል በመኪናው አካል ላይ የኤሌክትሪክ ብየዳ ማካሄድ ሌላው ነው። ላቫጆ ውስጥ ሞተሩን በከፍተኛ ግፊት ማጠብም አለ፤ ለዓይን ደስ ይላል፣ ለሽቦ መጋጠሚያዎች ግን ጥሩ አይደለም። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የዝናብ መውረጃ በቅጠል ሲዘጋ የሚያቁረው ውኃም ኮምፒውተሩ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሣጥኑ ሲከፈት አረንጓዴ ዝገት ከታየ ጥፋቱ የውኃ ነው፤ ውኃው የገባበት ካልተዘጋ አዲሱም አይተርፍም።

ሣጥኑ ተከፍቶ የተቃጠለ ነጥብ ከታየ ደግሞ ጥያቄው ያ ነጥብ ምን ያንቀሳቅስ ነበር የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ኮይል፣ ኢንጀክተር ወይም ሞተሩ ያለ ነዳጅ ፔዳል ሲሠራ አየሩን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ነው። በብዙ መኪኖች የኢንጀክተር ጥቅል ሽቦ ከ12 እስከ 16 ኦም ይለካል። አንዱ 2 ወይም 3 ኦም ካሳየ ገዳዩ ተገኝቷል። ይህ ሳይለካ አዲስ ኮምፒውተር መግጠም ገንዘብ እሳት ውስጥ መጣል ነው።

የሣጥኑ ቁጥርና የመኪናው ቁልፍ

ውጭ አገር ላለ ዘመድ የሚላከው የሣጥኑ ፎቶግራፍ ሳይሆን የተለጠፈበት ወረቀት ፎቶግራፍ መሆን አለበት። በቶዮታ መኪኖች ላይ የሞተር ኮምፒውተር ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በ89661 ይጀምራል። ከሰረዙ በኋላ የሚከተሉት ቁጥሮች የትኛው ሞተር፣ የትኛው ማርሽ፣ የትኛው ገበያ እንደሆነ ይለያሉ። ሁለት ሣጥኖች በመልክ አንድ ሆነው፣ መሰኪያቸውም በትክክል ገጥሞ፣ አንዱ ለእጅ ማርሽ ሌላው ለአውቶማቲክ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው አኃዝ ይመሳሰል። ቁጥሩ ከተለየ አምራቹ አንዱን በሌላው የተካበት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የሻጭ ቃል ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም።

ቁጥሩ ቢመሳሰል እንኳ ቁልፉ ይቀራል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በብዙ መኪኖች ቁልፍ እጀታ ውስጥ ባትሪ የማያስፈልገው ትንሽ ቺፕ አለ። በቁልፉ ማስገቢያ ዙሪያ ያለ አንቴና የቺፑን ኮድ ያነባል፤ ኮዱ በመኪናው ማህደር ካለው ጋር ካልተስማማ ኮምፒውተሩ ነዳጅና ብልጭታ ይከለክላል። በአንዳንድ መኪኖች ሞተሩ ጭራሽ አይነሳም፤ በሌሎቹ ተነስቶ በአንድና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል። የአውሮፓ ኅብረት ለአዳዲስ የቤት መኪኖች ይህን መከላከያ እአአ ከ1998 ጀምሮ ግዴታ አድርጎታል። ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የዚያው ዘመን መኪኖች ግን የላቸውም።

ዕቃ ላኪዎችን የሚያደናግረው ይህ ልዩነት ነው። ከአውሮፓ የተገኘ ኮምፒውተር ቁልፍ አንባቢ በሌላት የባሕረ ሰላጤ መኪና ላይ ቢገጠም፣ የሚጠብቀው ኮድ አይመጣለትም፤ መኪናዋም አትነሳም። ሻጩም አልዋሸ፣ ዕቃውም አልተበላሸ። ስለዚህ ሻርጃ ወይም መርካቶ ሶማሌ ተራ ከመሄድ በፊት መኪናዋ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራች መታወቅ አለበት።

መውጫው ከአንድ በላይ ነው። ያገለገለው ኮምፒውተር ከተነቀለባት መኪና ቁልፉንና የቁልፍ ማንበቢያ ክፍሉን አብሮ መግዛት አንዱ ነው፤ ሦስቱ ስለሚተዋወቁ በአንድ ላይ ሲገጠሙ ይሠራሉ። የቁልፍ ክፍሉ ከሞተር ኮምፒውተሩ በተለየባቸው አንዳንድ ቶዮታዎች ደግሞ አዲሱን ሣጥን ከነባሩ ቁልፍ ጋር ማስተዋወቅ ይቻላል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሌላው መንገድ የአሮጌውን ማህደር አንብቦ በተተኪው ላይ መገልበጥ ነው። የተቃጠለው የኃይል ክፍሉ ከሆነና ማህደሩ ከተረፈ፣ ልምድ ያለው ባለሙያ ይህን ያደርገዋል፤ መኪናዋም ለውጡን አታውቀውም።

የቁልፍ ጥበቃውን ከኮምፒውተሩ ውስጥ ጨርሶ የሚያጠፉ ጠጋኞችም አሉ። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ነገር ግን መኪናዋን በማንኛውም የተቀረጸ ቁልፍ እንድትነሳ ያደርጋታል፤ ኢንሹራንስ ባለበት አገርም ስርቆት ሲደርስ ጥያቄ ያስነሳል።

ከሁሉ በፊት ግን ሊታሰብ የሚገባው የራሷን የመኪናዋን ሣጥን ማስጠገን ነው። ካፓሲተር፣ ትራንዚስተር ወይም የብየዳ ነጥብ ብቻ ከሆነ የቁጥርም የቁልፍም ጣጣ የለበትም። ለአሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ይኸው ነው።

አሜሪካ ላሉ አሽከርካሪዎች

በአሜሪካ የፌዴራሉ የጭስ ቁጥጥር ዋስትና የሞተር ኮምፒውተርን እስከ 8 ዓመት ወይም 80 ሺህ ማይል፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚደርሰው ድረስ ይሸፍናል። የተለመደው የአምራች ዋስትና ቀደም ብሎ ስለሚያልቅ ይህን ሳያውቁ ከኪሳቸው የሚከፍሉ አሉ። ሁለተኛ ባለቤት መሆን መብቱን አያስቀርም።

ዋስትናው ያለፈባቸው መኪኖች ታድሶ የሚሸጥ ኮምፒውተር ማግኘት ይችላሉ። ሻጮቹ ባለ 17 አኃዝ የሻሲ ቁጥሩን ጠይቀው ሶፍትዌሩን ጭነው ይልካሉ፤ አሮጌው ሣጥን እስኪመለስላቸውም መያዣ ገንዘብ ያስከፍላሉ። ቁልፉ ግን አሁንም መኪናዋ ባለችበት ቦታ ሊመዘገብ ይችላል፤ ይህ ወጪ ከዋጋው ውጭ መሆኑ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ከተቀየረ በኋላ ወዲያው ለጭስ ምርመራ መሄድ አይመከርም። አዲስ የተገጠመ ኮምፒውተር የጭስ መቆጣጠሪያ ክፍሎቹን ገና ስላልፈተሸ “ዝግጁ አይደለም” ይላል። ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያን በመሳሰሉ ምርመራ ባለባቸው አካባቢዎች መኪናዋ በዚህ ብቻ ልትመለስ ትችላለች። ከተማ ውስጥና ፈጣን መንገድ ላይ ጥቂት ቀናት መንዳት ፈተሻውን ያስጨርሳል። ካሊፎርኒያ ደግሞ እአአ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ የተነካካ ሶፍትዌር ያላቸውን መኪኖች ስለምትለይ፣ ምንጩ ያልታወቀ ሶፍትዌር የተጫነበት ርካሽ ሣጥን እዚያ አያልፍም።

ሲገጠምና ከተገጠመ በኋላ

ባትሪው ሳይነቀል የኮምፒውተሩ መሰኪያ አይነካም። የመሰኪያዎቹ ቀጫጭን እግሮችም በጣት መነካካት የለባቸውም፤ ከሰው አካል የሚወጣ የማይታይ የኤሌክትሪክ ፍንጣቂ ሊጎዳቸው ይችላል።

ሞተሩ እንደተነሳ የዲናሞው ቮልት ይለካል። በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከ15 ካለፈ የዲናሞው መቆጣጠሪያ ተበላሽቷል፤ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞተሩ ሲቆም ዙሩ ከፍና ዝቅ ቢል ግን አያስደነግጥም፤ ኮምፒውተሩ የዚያችን ሞተር ጠባይ እየተማረ ነው። አንዳንድ መኪኖች ይህን ትምህርት በመመርመሪያ መሣሪያ ካልታዘዙ አይጀምሩም።

የተነቀለው አሮጌ ሣጥን በመያዣ መልክ ካልተጠየቀ በስተቀር ጋራዥ ውስጥ ተጥሎ እንዳይቀር። የመኪናዋ የቁልፍ ኮድ ያለው እሱ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ከወራት በኋላ ቢበላሽ ወይም ቁልፍ ቢጠፋ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።